የመኪና ስር እንዳይዝግ፦ ጥቁሩ ሽፋን ከመረጨቱ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ

መኪናውን ከስር ጥቁር አስረጭቶ "በቃ፣ ተገላገልኩ" ያለ ሰው 2 ዓመት ሳይሞላው ላሜራው በካቻቢቴ ጫፍ ሲበሳ ያያል። ቀለሙ የውሸት ነው ብሎ ይናደዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። የተረጨው ባልደረቀ ጭቃ፣ በዘይትና በላላ ዝገት ላይ ነው።

ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ከተገናኙ ዝገት አይቀርም። ጨው ከተጨመረበት ይፈጥናል። ወፍራሙ ሽፋን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም፣ ነፋስም አያገኘውም፣ ብረቱም ቀን ከሌት እርጥብ እንደሆነ ይቀመጣል። ከላይ ሲያዩት አምሮበታል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ርጭቱ ግማሽ ቀን አይሞላም። ማጠቡ፣ ማድረቁና መፋቁ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይበላል። መኪናውን ያን ያህል ማቆም ካልቻላችሁ ዛሬ አትጀምሩት። ጊዜ እስክታገኙ ከስር በደንብ እያጠባችሁ ቆዩ።

መጀመሪያ ይህን ወስኑ፦ ጠንካራ ሽፋን ወይስ ለስላሳ?

የሚሸጡት ነገሮች ስማቸው ብዙ ነው። ሲጨመቁ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው።

ጠንካራ የሚባለው ደርቆ እንደ ቆዳ የሚሆነው ነው። ኢፖክሲ ፕራይመር (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር የመጀመሪያ ቅብ)፣ የሻሲ ቀለም፣ ከሬንጅ ወይም ከጎማ የተሠራው ጥቁር ሽፋን እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጠጠር ይችላል፣ ያምራል፣ ቶሎ አይታጠብም። የሚሠራው ግን ከስሩ ያለው ብረት ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው።

ለስላሳው ጨርሶ የማይደርቅ ወይም በግማሽ የሚደርቅ ነው። ሰም፣ ከበግ ሱፍ ቅባት የሚወጣው ላኖሊን፣ እንዲሁም ለዝገት ተብሎ የተሠራ ዘይት። በመጋጠሚያዎች መሀል ሰርጎ ይገባል። ስስ ስለሆነም ከስሩ ዝገት ቢነሳ ቶሎ ይታያል። ጉድለቱ እየታጠበ ማለቁ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ መደገም አለበት።

እስከ ንጹሕ ብረት መፋቅ ከቻላችሁ ጠንካራውን ተጠቀሙ። ካልቻላችሁ ለስላሳውን። በግማሽ የተፋቀ ዝገት ላይ የጎማ ሽፋን መርጨት ጭራሽ ካለመርጨት ይብሳል። መኪናው አዲስ ከሆነና ፋብሪካው የቀባው ሽፋን ብረቱን ጥብቅ አድርጎ ከያዘ ደግሞ ምንም አትፋቁ፤ ከታች ያሉትን ደረጃ 5፣ 7 እና 8 ዝለሉና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ሰም ብቻ ርጩበት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ስለመርጨት ሁልጊዜ የሚጠይቅ አይጠፋም። አታድርጉት። ጎሚኒዎችን (በብረት መጋጠሚያዎች መሀል ያሉትን ጎማዎች) ያሳብጣል፣ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው። ውስጡ ከሞተር የመጣ አሲድና የብረት ብናኝ አለ። ዘይት የምንቀይረው እኮ እነዚህን ከብረት ለማራቅ ጭምር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሥራ ከተጀመረ በኋላ አንድ ነገር ፍለጋ ስትወጡ የተፋቀው ብረት እርጥበት እየጠጣ ይጠብቃችኋል። ሁሉንም አስቀድማችሁ አሟሉ፦

- ክሪክ፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያዎች (4 ቢሆን ጥሩ)፣ የጎማ ታኮ
- ዓይንን ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር፣ የፊት መከላከያ፣ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ
- ለቀለም ጋዝ የሚሆን፣ ማጣሪያው የሚቀየር ጭምብል (የጨርቅ ማስክ የቀለም ጋዝ አያስቆምም)
- የቅባት ማጽጃ፣ ባልዲ፣ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ፣ የግፊት ውሃ ማጠቢያ
- መፋቂያ፣ የእጅ ሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደር ከሽቦ ብሩሽና ከመፋቂያ ዲስክ ጋር፣ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት
- ትንሽ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ደማቅ መብራት፣ ጠመኔ
- የቀለም ፕላስተር፣ ላስቲክ፣ ጋዜጣ፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅ
- ዝገት የሚለውጥ ፈሳሽ፣ ፕራይመር፣ የመጋጠሚያ ማሸጊያ፣ የመረጣችሁት ሽፋን፣ ለተዘጉ ክፍተቶች የሚሆን ሰም ከረጅም ቱቦው ጋር
- የእሳት ማጥፊያ

ደረጃ 1፦ መኪናውን አንሱ፣ ሽፋኖቹን አውርዱ

1. መሬቱ ደረቅ፣ ጠንካራና ሜዳ ይሁን። አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል።
2. የእጅ ፍሬን ያዙ። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ አድርጉ።
3. ጎማ የምታወልቁ ከሆነ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ትንሽ አላሏቸው።
4. ክሪኩን የመኪናው መመሪያ በሚያሳየው ቦታ ብቻ አስገቡ። ከዚያ መቆሚያውን ጠንካራው ብረት ስር አስገቡና መኪናውን በላዩ አሳርፉ።
5. ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን ከጎን ገፋ ገፋ አድርጉት። ከተነቃነቀ አውርዳችሁ እንደገና አስተካክሉ።

በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ስር ማንም አይግባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። መቆሚያ የምታደርጉበት ብረት ራሱ የዛገ ከሆነም ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ክብደቱ ሲያርፍበት ሊደረመስ ይችላል።

ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቲነርና የቀለም ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ራስን ያስታል፣ በአንዲት ብልጭታም ይቀጣጠላል። ማጠቡንና መፋቁን እዚያ ሥሩት፤ ርጭቱን ግን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አድርጉት።

አሁን ከስር ያሉትን የፕላስቲክ ሽፋኖችና ከጎማዎቹ በላይ ያለውን የውስጥ ፕላስቲክ አውርዱ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ክምር ጭቃ የሚገኘው ግን እዚያ ኋላ ነው። ማያያዣዎቹ ካረጁ መሰበራቸው አይቀርም፣ ተጨማሪ ያዙ። ብሎን ጠንክሮ እንቢ ካለ ዝገት የሚያላላ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት፤ ጉልበት ብቻ ከጨመራችሁ አንገቱ ይቆረጣል። ያወጣችሁትንም ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ።

ደረጃ 2፦ እጠቡ

1. ደረቁን ጭቃ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ አራግፉ።
2. የቅባት ማጽጃውን ርጩና ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ። በላዩ እንዳይደርቅ።
3. ዘይት ያለበትን ቦታ በብሩሽ እሹ። ሞተርና ካምቢዮ አካባቢ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል።
4. ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ በግፊት ውሃ አጥቡ።
5. ከበሩ ስር ያለውን ሳጥን ላሜራና የሻሲውን ሳጥኖች በውሃ መውጫ ቀዳዳቸው በኩል ዝቅ ባለ ግፊት አጥቡ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አታቁሙ።

የግፊቱን ውሃ በኤሌክትሪክ ማገናኛዎች፣ በጎሚኒዎችና ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ባሉት የላስቲክ ከረጢቶች ላይ በቅርብ አታነጣጥሩ። ከረጢቱ ከተቀደደ ግራሱ ይወጣል፣ አሸዋ ይገባል፣ ከዚያ ጥገናው ከዝገቱ ይከብዳል።

መታጠቡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ፈትኑት። ብረቱን ስትጠርጉበት ጨርቁ የሚጠቁርና የሚያንሸራትት ከሆነ ገና ዘይት አለ። ዘይት ባለበት ቦታ መፋቅ ብትጀምሩ ዘይቱን ወደ ብረቱ ጭረቶች ነው የምታስገቡት።

ሊፍት ያለው ላቫጆ ወስዳችሁ ማሳጠብም ይቻላል። ጎማዎቹን መልሳችሁ፣ ፕላስቲኮቹ ግን እንደወረዱ ይሁኑ። ስትመለሱ ትንሽ ዞር ዞር በሉበት፤ ነፋሱና የሞተሩ ሙቀት ለማድረቅ ይረዳሉ።

ደረጃ 3፦ አድርቁ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው። ከላይ የደረቀ ይመስላል። በሁለት ላሜራ መሀል፣ በሳጥኖቹ ውስጥ፣ በመጋጠሚያው ስር ግን ውሃ አለ።

1. የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን ሁሉ ክፈቱ። የጎማ ድፍኖችንም አውጡ።
2. ኮምፕሬሰር ካላችሁ መጋጠሚያዎቹንና ሳጥኖቹን በአየር ንፉ። ውሃ ሲተፋ ታያላችሁ።
3. ቢያንስ 24 ሰዓት ስጡት። አየሩ እርጥብ ከሆነ 48።
4. ቬንትሌተር ካለ ከስሩ አድርጉለት። ከሰል ወይም ሌላ እሳት ግን በፍጹም አይሆንም፤ ከበላዩ ነዳጅ አለ።

መድረቁን ለማወቅ የሚቀባውን ቦታ በትንሹ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። እርጥቡ ምልክት በ15 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ አየሩ ለመቀባት ይሆናል። ካልጠፋ ጠብቁ። ማለዳ ላይ ብረቱ ጤዛ ስለሚይዝ ቀለም አትጀምሩ። የቀለም ባለሙያዎች ብረቱ ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት ይላሉ።

ደረጃ 4፦ መርምሩ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉ

መብራቱን ከጎን አብሩ። ጥላ ስለሚፈጥር ያበጠ ቀለም ወዲያው ይታያል። ከዚያ በመዶሻው ጫፍ ቀስ እያላችሁ ኳኩ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተበላ ላሜራ ድምፁ ይደፈናል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። እሱን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በሉት።

በደንብ መታየት ያለባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ከበሩ ስር ያለው ሳጥን፣ ከጎማ በላይ ያለው ቅስት ጠርዝ፣ የሞላና የሾክ መቀመጫ፣ ባሌስትራ ካለው የባሌስትራው መያዣ፣ የነዳጅ ታንከሩ ማሰሪያ፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ የብየዳ መስመሮች ሁሉ።

ምልክቱ ሦስት ይሁን። ላይ ላዩን ቡናማ የሆነው፣ የምትፍቁት ነው። ቅርፊት የሠራው ወይም ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው፣ ጠለቅ ብላችሁ የምትፍቁትና ዝገት የሚለውጠውን ፈሳሽ የምትቀቡት ነው። የተበሳው ወይም ስትጫኑት የሚረግበው ደግሞ የእናንተ ሥራ አይደለም።

የተበሳው ቦታ ሻሲ፣ የበር ስር ሳጥን፣ የሾክ መቀመጫ ወይም የመቀመጫ ቀበቶ የታሰረበት አካባቢ ከሆነ አቁሙ። በስቱኮ ወይም በፋይበር ደፍኖ ጥቁር መርጨት በግጭት ጊዜ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። የበሰበሰው ተቆርጦ ጤነኛ ላሜራ በብየዳ ይገባበት፣ ከዚያ ወደዚህ ሥራ ተመለሱ። የፍሬን ቱቦ ቅርፊት ካነሳ አይፋቅም፣ አይቀባም፣ ይቀየራል።

ደረጃ 5፦ ፋቁ

1. የላላውን ቅርፊት በመፋቂያ አንሱ። የድሮው ሽፋን ካበጠ ጠርዙ ጥብቅ ብሎ እስኪይዝ ድረስ ወደ ጤነኛው እየሄዳችሁ ቅደዱት። ዝገቱ ከላይ ከሚታየው ሁልጊዜ ይሰፋል።
2. ሰፊውን ቦታ በግራይንደር፣ ጠባቡን በእጅ ብሩሽ ሥሩ።
3. የሽቦ ብሩሽ አንዳንዴ ዝገቱን ሳያነሳ አብርቶ ይተወዋል። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ካያችሁ ንጹሕ ብረት አይደለም። መፋቂያ ዲስክ ወይም 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያዙበት።
4. ያልተላጠውን የቀለም ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት፣ እንደ እርከን ቁልቁል እንዳይቀር።
5. ብናኙን በአየር አራግፉ፣ ከዚያ ቅባት የማይተው ማጽጃ በነካው ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ከነዳጅ ታንከርና ከነዳጅ ቱቦ አጠገብ ግራይንደር አይበራም። ብልጭታ ነው። እዚያ በእጅ ብቻ። የብሩሹ የተፈቀደ የዙር ፍጥነትም ከግራይንደሩ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ሽቦዎቹ ተነቅለው እንደ መርፌ ይበራሉ። ተኝቶ ወደ ላይ ለሚሠራ ሰው መነጽር ብቻ አይበቃውም፣ የፊት መከላከያም ያድርግ።

ግራጫ ሆኖ ነጭ ዱቄት ያነሳ ላሜራ ካጋጠማችሁ ብዙ ጊዜ በዚንክ የተለበጠ ነው። በግራይንደር አትንኩት። ብረቱን የሚጠብቀውን ዚንክ ራሱን ታነሱታላችሁ። አጥባችሁ፣ በቀስታ አሸት አድርጋችሁ፣ ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር ወይም ሰም ቀቡት።

ደረጃ 6፦ መነካት የሌለባቸውን ሸፍኑ

ይህን ከማንኛውም ፈሳሽ በፊት ጨርሱ። ፕላስተርና ላስቲክ አትሰስቱ።

- የፍሬን ዲስክ፣ ታምቡር፣ የፍሬን ሸራና ፒስተኑ፦ ቅባት ከነካቸው ፍሬን አይዝም።
- ማርሚታና የጭስ ቱቦው በሙሉ፦ ይጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።
- ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፦ ሽፋን ከተጠራቀመበት ሚዛኑን ስቶ ያንቀጠቅጣል።
- ጎሚኒዎች፣ የላስቲክ ከረጢቶች፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች፦ ብዙ ዘይትና ቲነር ያሳብጣቸዋል።
- ሴንሰሮች፣ የኤሌክትሪክ ማገናኛዎች፣ ከቦዲ ጋር የታሰሩ የመሬት ሽቦዎች።
- የካምቢዮና የዲፈረንሻል መተንፈሻ፦ ከተደፈነ ግፊት ይፈጠርና ዘይት በማሸጊያው ይወጣል።
- የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች፦ ትንሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ሰካ አድርጉ። ስንት እንደሰካችሁ ቁጠሩና ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ዝገት የሚለውጥ ፈሳሽና ፕራይመር

ፈሳሹ ታኒክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ አለው። በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ዝገት ወደ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ የረጋ ነገር ይለውጠዋል። ቅርፊት ላይ አይሠራም፤ የላይኛውን ብቻ ለውጦ ከስር ያለውን ይተወዋል። ለዚህ ነው ደረጃ 5ን ያበዛሁት።

1. ከቆርቆሮው ወደ ትንሽ ዕቃ ቀንሱ። የነከራችሁትን ብሩሽ ወደ ዋናው ዕቃ አትመልሱ፣ የቀረውን ያበላሸዋል።
2. ዝገት ባለበት ቦታ ብቻ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።
3. ቀለሙ እስኪለወጥ ጠብቁ። ቡናማ የቀረ ካለ ድገሙ።
4. የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ አክብሩ። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ አጥባችሁ እንደገና አድርቁ።

ቀጥሎ ፕራይመር። በተለይ ኢፖክሲ ከተጠቀማችሁ አሲድ ባለበት ላይ ይቀባ እንደሆነ በቆርቆሮው ላይ አንብቡ። ብዙዎቹ አሲድ ቅሪት ላይ አይይዙም። ሁለቱን ምርቶች ከአንድ አምራች መግዛት ይህን ጭንቀት ይቀንሳል።

ኢፖክሲን በግምት አትደባልቁ። መጠኑ የተሰመረበት ኩባያ ያዙ፣ በተጻፈው ልክ አደባልቁ፣ በሰዓቱ ሊያልቅ የሚችለውን ያህል ብቻ። ብርድም ይጎዳዋል፤ ብዙዎቹ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክሩም። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። የተፋቀ ብረት ሳይቀባ አይደር። ካደረ ጠዋት ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ያነሳል፣ እንደገና ትፍቁታላችሁ።

ሁለት ክፍል ያለው ፖሊዩሬቴን ቀለም መርጨት ለምትፈልጉ፦ ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት አለ፤ ሳንባን ይጎዳል። ለእሱ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያመጣ ጭምብል ያስፈልጋል። ያ ከሌላችሁ ሌላ ምርት ምረጡ ወይም ለባለሙያ ስጡት።

ደረጃ 8፦ መጋጠሚያዎቹን አሽጉ

ሁለት ላሜራ በተደራረበበት ቦታ ላይ የድሮው ማሸጊያ ከተሰነጠቀ አውጡት። አዲሱን በፕራይመሩ ላይ አድርጉ፣ በባዶ ብረት ላይ አይደለም። በጣት ተጫኑትና አስተካክሉት። ውሃ የሚወጣበትን ክፍተት ግን እንዳትደፍኑ። ተጠራጠራችሁ? ተዉት ክፍት ይሁን።

ደረጃ 9፦ ሽፋኑን ርጩ

1. ዕቃውን 2 ደቂቃ በደንብ ናጡት። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሩ።
2. ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። እጃችሁ አይቁም፣ ሁልጊዜ ይንቀሳቀስ። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ።
3. መጀመሪያ መጋጠሚያዎችንና ጠርዞችን፣ ቀጥሎ ሜዳውን። ጠርዝ ላይ ቀለም ይሳሳል፣ ዝገትም የሚጀምረው እዚያ ነው።
4. በመጀመሪያው ዙር ብረቱን ጥቁር ለማድረግ አትሞክሩ። ስስ ይሁን። በተጻፈው ጊዜ ልክ ቆይታችሁ ሁለተኛውን፣ ከዚያ በቅስቶቹ ላይ ሦስተኛውን ርጩ።
5. ከፊት ለፊት ብቻ አትርጩ። ቦታ እየቀየራችሁ ከኋላም ተመልከቱ፤ የብረቱ ጀርባ ሳይነካ የሚቀረው ሁልጊዜ በዚህ ነው።

ጠንካራና ለስላሳውን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል። በጣም የምወደው አሠራር ይሄ ነው፦ ጠጠር በሚመታው ቅስት ላይ ጠንካራውን፣ በሻሲውና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ሰሙን። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ። ሰም በተነካ ቦታ ላይ ቀለም አይይዝም።

ደረጃ 10፦ የተዘጉ ክፍተቶች

ከውጭ የሚታየውን ብቻ ቀብተው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። የበር ስር ሳጥን ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚዛገው። ከውጭ አበጠ ብላችሁ ያያችሁት የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

1. የሰሙን ዕቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡ፣ ይቀጥናል። እሳት ላይ ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ አታድርጉ፣ ይፈነዳል።
2. ጫፉ ዙሪያውን የሚረጨውን ረጅም ቱቦ በቀዳዳው እስከ መጨረሻው አስገቡ።
3. እየረጫችሁ በቀስታ ሳቡ። ስትጎትቱ ነው የሚቀባው።
4. ከተቃራኒው ጫፍም ድገሙ። ሰሙ በውሃ መውጫዎቹ መንጠባጠብ ከጀመረ ደርሷል።
5. በሮቹን መስታወቱ ተዘግቶ፣ ከታች ባለው ስፌት ላይ ብቻ ርጩ።

ወደ ላይ በሚሄዱት ምሰሶዎች ውስጥ አትርጩ። በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግና የመቀመጫ ቀበቶው መጠቅለያ እዚያ ናቸው።

ደረጃ 11፦ መዝጋትና መሞከር

ሽፋኑ በእጅ ሲነካ የማይጣበቅ ከሆነ ፕላስተሩን ንቀሉ (ሰም ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይጣበቃል)። በቀዳዳዎቹ የሰካችሁትን ወረቀት ቁጥሩ እስኪሞላ አውጡ፣ ከዚያ በቀጭን ፕላስቲክ እየወጋችሁ ክፍት መሆናቸውን አረጋግጡ። የጎማ ድፍኖቹን መልሱ። የፕላስቲክ ሽፋኖቹን ግን በማግስቱ ግጠሙ፣ እንዲተነፍስ።

የዳዶዎቹን ጥብቀት አረጋግጡ። ከዚያ ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ ነድታችሁ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩ። ለጥቂት ቀናት ከስር በግፊት ውሃ አታሳጥቡት።

ያገለገሉ ጨርቆችን ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። አንዳንድ የሚደርቁ ዘይቶች ሲደርቁ ይሞቃሉ፤ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቋቸው ወይም ውሃ በተሞላና ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ሽፋኑ እንደ ልጣጭ በሰፊው ከተነሳ፦ ከስሩ ዘይት ወይም ውሃ ነበር። በላዩ መድገም ዋጋ የለውም። የሚነሳውን ሁሉ አንሱና ከደረጃ 2 ጀምሩ።

ቀለሙ ከተጨማደደ፦ የሁለተኛው ቅብ ቲነር የመጀመሪያውን ቅብ በልቶታል፤ ወይ ቸኩላችኋል፣ ወይ ሁለቱ ምርቶች አይስማሙም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ በትንሽ ቦታ ሞክራችሁ ቀጥሉ።

ዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ካሳየ፦ ቅባት ቀርቷል። በእርጥቡ ላይ አትጨምሩ። ሲደርቅ ፋቁት፣ በማጽጃ ጥረጉት፣ ድገሙ።

ከላይ ደርቆ ሲጫኑት የሚረግብ ከሆነ፦ በአንድ ጊዜ በዝቶበታል። ጥቂት ቀን ሙቀትና አየር ስጡት። ካልሆነ እዚያን ብቻ ፋቁት።

እየረጫችሁ ዝናብ ከመጣ፦ አቁሙ። ውሃ የነካውን እርጥብ ቀለም አትንኩት፤ ይድረቅ፣ ነጭ የሆነውን ወይም የተበሳሳውን ፋቁና ድገሙ።

ዲስክ ላይ ከተረጨ፦ በፍሬን ማጽጃና በንጹሕ ጨርቅ እስኪጠራ ጥረጉ። ሸራው ከጠጣው ይቀየር፣ ማጽዳት አይበቃም። እስከዚያ መኪናው አይነዳ።

ነድታችሁ የሚቃጠል ሽታ ከመጣ፦ አቁሙና ከስር እዩ። ጭስ ቱቦው ላይ ያረፈ ትንሽ ብናኝ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ወፍራም ጠብታ ከሆነ ወይም ከጨሰ ሞተሩን አጥፉ፣ ቱቦው ይቀዝቅዝ፣ ፋቁት። በጋለ ቱቦ ላይ ማጽጃ አትርጩ።

በሙቀት ቀን ሰም ከተንጠባጠበ፦ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያጋጥማል። ካርቶን አንጥፉ። ብረቱ ባዶ ከሆነ ብቻ ስስ ጨምሩ።

በዓመት አንዴ

ዝናቡ ወይም ጨዋማው ወቅት ከመግባቱ በፊት አንስታችሁ አጥቡና እዩት። ውሃ መውጫዎቹን በፕላስቲኩ ውጉ። ሰሙ የሳሳበት ቦታ ላይ ብረቱ ደረቅ ከሆነ ሳትፍቁ ጨምሩበት። ጠንካራው ሽፋን ግን ጠጠር ከላጠው ወይም ካበጠ እብጠቱን በካቻቢቴ ክፈቱት። ውሃ ከወጣ ወይም ከስሩ ቡናማ ካለ ብረቱ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ዙሪያውን ቅደዱ፣ አድርቁ፣ ከደረጃ 5 ጀምሮ ያንን ቦታ ብቻ ሥሩት። የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ቦታ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለከርሞ ከተዋችሁት ግን በያጅ ይፈልጋል።